የጦር ጉዳተኞች አበልና የሙያ ትምህርት በዩናይትድ ስቴትስ፤ ከ1776 እስከ 2022

አንድ መንግሥት በጦር ሜዳ አካሉን ላጣ ወታደር ምን ያህል ይከፍላል የሚለው ጥያቄ ከመመለሱ በፊት ሌላ ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት። ይኸውም የሚከፈለው ስለ ምንድን ነው የሚለው ነው። ስለ ጠፋው እጅ ነውን? እጁ ያስገኝ ስለ ነበረው ደመወዝ ነውን? ወይስ ወታደሩ ስለ ፈጸመው አገልግሎት? መልሱ በተለወጠ ቍጥር የአበሉ መጠን፣ የተቀባዮች ብዛትና የመንግሥቱ ወጪ አብረው ይለወጣሉ።

ዩናይትድ ስቴትስ እነዚህን መልሶች ሁሉ በየተራ የሞከረች አገር ናት። የሙከራዋ ታሪክ በተለይ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅምበት ምክንያት አለ። ከ1918 ወዲህ ትምህርት ራሱ የጦር ጉዳተኛው መብት አንድ ክፍል ሆኗል፤ በዚያ አገር የሙያ ምክር አገልግሎትና የአካል ጉዳተኞች የከፍተኛ ትምህርት ዕድል በብዙው የተስፋፉትም በዚሁ በር በኩል ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ድንጋጌዎች

ልማዱ ከነጻነት በፊት የነበረ ነው። በ1636 የፕሊመዝ ቅኝ ግዛት ሰፋሪዎች ቅኝ ግዛቱን ሲከላከል አካሉ የጎደለ ወታደር በቅኝ ግዛቱ ወጪ እንዲጦር ደንግገው ነበር። የነጻነቱ ጦርነት በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ በነሐሴ 1776፣ አህጉራዊው ኮንግረስ እጁን ወይም እግሩን ላጣ፣ ወይም በሌላ ጉዳት ምክንያት ኑሮውን ማሸነፍ ለተሳነው መኰንንና ወታደር የደመወዙ ግማሽ እንዲከፈለው ወሰነ። ኮንግረሱ ግን በእጁ ገንዘብ ስላልነበረው አፈጻጸሙን ለየግዛቶቹ ተወላቸው። ግዛቶቹም አንዳንዶቹ ከፈሉ፣ አንዳንዶቹ አዘገዩ። የፌዴራሉ መንግሥት ኀላፊነቱን ከግዛቶቹ የተረከበው በ1789 ነው።

በዚህ ዘመን ጉዳዩ በቍጥር ትንሽ ስለ ነበረ ብዙ ክርክር አላስነሣም። ትልቁ ለውጥ የመጣው ከእርስ በርሱ ጦርነት ጋር ነው።

የእርስ በርሱ ጦርነትና የጕልበት ሥራ መለኪያ

ጦርነቱ በተጀመረ በዓመቱ፣ በሐምሌ 1862፣ አጠቃላዩ የጡረታ ሕግ ጸደቀ። በዚህ ሕግ መሠረት ፈጽሞ መሥራት የማይችል ተራ ወታደር በወር 8 ዶላር፣ ከሌተና ኮሎኔል ጀምሮ ያለ ከፍተኛ መኰንን ደግሞ 30 ዶላር ያገኝ ነበር። ሕጉ የሞተ ወታደር ሚስትና ልጆችን፣ እንዲሁም በልጃቸው ድጋፍ ይኖሩ የነበሩ እናቶችን ጨመረ። በጥይት የቆሰለውን ብቻ ሳይሆን በሰፈር በሽታ የተጎዳውንም አካተተ፤ በዚያ ጦርነት ከጥይት ይልቅ በሽታ ብዙ ሰው ስለ ገደለ ይህ አንቀጽ ቀላል አልነበረም።

መለኪያው ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። «ፈጽሞ መሥራት አይችልም» ሲባል የጕልበት ሥራ መሥራት አይችልም ማለት ነበር። ከጦርነቱ በፊት ጠበቃ ወይም አስተማሪ የነበረ ሰው እግሩን ቢያጣና ወደ ቀድሞ ሥራው ቢመለስ፣ በሕጉ ዐይን ከእርሻ ሰው ጋር እኩል ጉዳተኛ ነው። የዚህ ሕግ አውጪዎች በፊታቸው የነበረው ሰው ገበሬና የቀን ሠራተኛ ስለ ነበረ፣ ሰው ማለት ክንድ ማለት ሆኖ ታያቸው። በ1864 ይህንን ግምት የሚያጠናክር ሠንጠረዥ ወጣ፤ ሁለት እጆቹን ወይም ሁለት ዐይኖቹን ላጣ በወር 25 ዶላር፣ ሁለት እግሮቹን ላጣ 20 ዶላር ተወሰነ። ዋጋው የተቆረጠው ለአካሉ እንጂ ለሰውየው አልነበረም።

ወታደሮቹ ራሳቸው ግን ከሕጉ ቀድመው ሌላ መንገድ እንደ ያዙ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ጦርነቱ ባበቃበት በ1865 ዊልያም ኦላንድ ቦርን የተባለ የኒውዮርክ ጋዜጣ አዘጋጅ፣ ቀኝ እጃቸውን በጦርነት ያጡ ወታደሮች በግራ እጃቸው የሚጽፉትን የእጅ ጽሕፈት እንዲልኩና ለተሻሉት ሽልማት እንዲሰጥ የውድድር ጥሪ አወጣ። ከመላው ሰሜን ብዙ ወታደሮች ጽሑፋቸውን ላኩ፤ ብዙዎቹም የቆሰሉበትን ቦታና ቀን ጽፈዋል። የዚያ ዘመን ጸሐፊነት የጽሕፈት መኪና ያልገባበት የእጅ ሥራ በመሆኑ፣ ጥሩ የእጅ ጽሕፈት እንጀራ ነበር። ስለዚህ በግራ እጅ መጻፍን መማር ማለት ከጕልበት ሥራ ወደ ጽሕፈት ቤት ሥራ መሻገር ማለት ነው። የሙያ መልሶ ማቋቋም የሚለው ሐሳብ በሕግ ከመጻፉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት፣ እነዚህ ሰዎች ያለ አስተማሪና ያለ ሥርዓተ ትምህርት በገዛ እጃቸው ጀምረውት ነበር።

የአበሉ ሥርዓት ለሁሉም በእኩል አልደረሰም። የተሸናፊው የደቡብ ጦር ወታደሮች ከፌዴራሉ አበል ውጪ ስለ ነበሩ፣ ሰው ሠራሽ እግርና አነስተኛ አበል የሚሰጧቸው የየራሳቸው ግዛቶች ብቻ ነበሩ። በሰሜኑ ጦር ከተሰለፉት 180,000 ገደማ ጥቁር ወታደሮች የሚበዙት ባሮች የነበሩ ናቸው። ሕጉ በጽሑፍ ደረጃ በዘር አይለይም ነበር። ነገር ግን አመልካች የልደት ቀኑን፣ የጋብቻውን ማስረጃና በአንድ ስም መጠራቱን እንዲያስረዳ ይጠየቃል። በባርነት የተወለደ ሰው የልደት መዝገብ የለውም፤ ጋብቻው በሕግ አልተመዘገበም፤ ከነጻነት በኋላም ስሙን የለወጠው ብዙ ነው። በዚህም ምክንያት የጥቁር ወታደሮች ማመልከቻ ከነጮቹ ይበልጥ ውድቅ ይሆን ነበር። እኩል የሆነ ሕግ እኩል ባልሆነ መዝገብ ላይ ሲያርፍ የሚሆነውን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ከ1879 ጀምሮ ወጪው ማበጥ ጀመረ። በዚያ ዓመት የወጣው የውዝፍ ክፍያ ሕግ፣ አበል የተፈቀደለት ሰው ከሠራዊቱ ከተሰናበተበት ቀን ጀምሮ ያለውን ውዝፍ በአንድ ጊዜ እንዲቀበል ስለ ፈቀደ፣ ማመልከቻ እንደ ጎርፍ ወረደ። ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ በ1887 ከጦርነቱ ጋር ግንኙነት ለሌለው ጉዳት አበል የሚሰጥ ረቂቅ ሕግ ቢመልሱም፣ ተከታያቸው ፕሬዚዳንት ሃሪሰን በ1890 ተመሳሳዩን ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ 90 ቀን ያገለገለና በክብር የተሰናበተ የሰሜኑ ጦር አባል የጕልበት ሥራ መሥራት ካቃተው፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን በወር ከ6 እስከ 12 ዶላር ይከፈለው ጀመር። ታላቁ የሪፐብሊክ ሠራዊት የተባለው የዘማቾች ማኅበር በዚያ ጊዜ ከ400,000 በላይ አባላት ስለ ነበሩት፣ የምርጫ ድምፁን የሚንቅ ፓርቲ አልነበረም። በ1893 ተቀባዮቹ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጉ፤ ከፌዴራሉ መንግሥት ወጪ 40 በመቶ ያህሉ ለጡረታ ይውል ነበር። በ1904 ደግሞ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ዕድሜው 62 የሞላ ዘማች ግማሽ ጉዳተኛ፣ 70 የሞላው ሙሉ ጉዳተኛ ሆኖ እንዲቆጠር አዘዙ። በዚህ ውሳኔ የጉዳት አበል ሳይታወቅ የእርጅና ጡረታ ሆነ። ይህን እንደ ብክነት ብቻ የሚያዩ ጸሐፊዎች አሉ፤ ሆኖም የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ባልነበረበት አገር ለሽማግሌዎች የተዘረጋ ብቸኛ ሰፊ መረብ ይኸው እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።

ለዕቅድ አውጪዎች አንድ ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ይጠቅማል። የጦርነት የአበል ወጪ ከፍተኛ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ጦርነቱ ባበቃ ማግስት ሳይሆን ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። የእርስ በርሱ ጦርነት በ1865 አበቃ። ከዚያ ጦርነት የተነሣ የሚከፈለው የመጨረሻው አበል፣ በወር 73 ዶላር ከ13 ሳንቲም፣ የተቋረጠው ግን የአንድ ዘማች ሴት ልጅ በ2020 ስታርፍ ነው።

ከጡረታ ወደ ካሣ፤ 1917

ዩናይትድ ስቴትስ ወደ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ የአስተዳደሩ ባለሥልጣናት የ1890ውን ወጪ እንደገና ላለማየት ቆርጠው ነበር። በሌላ በኩል ከ1911 ጀምሮ ግዛቶች ለፋብሪካ ሠራተኞች የሥራ ጉዳት ካሣ ሕግ በየተራ እያወጡ ስለ ነበረ፣ ከዚያ የሚቀዳ አዲስ አርአያ ተገኘ። በጥቅምት 1917 የጸደቀው የጦርነት አደጋ መድን ሕግ ዘማቹን እንደ ጡረተኛ ሳይሆን በሥራ ላይ እንደ ተጎዳ ሠራተኛ ቆጠረው። ቃሉም ከጡረታ ወደ ካሣ ተለወጠ። ፈጽሞ መሥራት የማይችል ባለትዳር ያልሆነ ወታደር በወር 30 ዶላር፣ ሚስት ያለው 45 ዶላር፣ ሚስትና አንድ ልጅ ያለው 55 ዶላር ተመደበለት። ማዕረግ ከስሌቱ ወጣ፤ የቤተሰብ ብዛት ገባ። ከዚህም በላይ ዘማቹ እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ የሕይወት መድን በአነስተኛ ዋጋ እንዲገዛ ተፈቀደለት።

ሕጉ ጉዳቱን የሚመዝነው በሲቪል ሥራ ላይ በሚያስከትለው አማካይ የገቢ መቀነስ ነበር። «አማካይ» የሚለው ቃል የዚህ ታሪክ ቍልፍ ነው። አንድ እግሩን ያጣ ሰው በአማካይ ከገቢው ምን ያህል ያጣል ተብሎ ይሰላል እንጂ፣ ይህ ሰው በግሉ ምን ያህል አጣ ተብሎ አይጠየቅም። ከዚህም ጋር ሕጉ ቋሚ ጉዳቱን በራሱ ጥረት ያሸነፈ ሰው በመሳካቱ ምክንያት አበሉ እንደማይቀነስበት በግልጽ ደነገገ።

ለአስተማሪ ከዚህ የበለጠ ፍሬ ያለው አንቀጽ በዚያ ሕግ ውስጥ የለም። ነገሩን በተቃራኒው ብንገምተው ይገባናል። ሠልጥኖ ሥራ የያዘ ጉዳተኛ አበሉ የሚነጠቅ ቢሆን ኖሮ፣ የትምህርት ቤቱ ደጃፍ የኪሳራ ደጃፍ ይሆን ነበር፤ አስተዋይ ሰው ሁሉ መማርን ትቶ ጉዳቱን እያሳየ ይቀመጥ ነበር። ይህን የተረዱ ሕግ አውጪዎች ትምህርትንና አበልን እንዳይጣሉ አስቀድመው ለያዩዋቸው።

በሰኔ 1918 የጦር ጉዳተኞች የሙያ መልሶ ማቋቋሚያ ሕግ በዚህ መሠረት ላይ ታነጸ። አፈጻጸሙ ለፌዴራሉ የሙያ ትምህርት ቦርድ ተሰጠ። ቦርዱ ከአንድ ዓመት በፊት የተቋቋመው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የእርሻ፣ የእጅ ጥበብና የቤት አያያዝ ትምህርትን ለማስፋፋት ነበር፤ አሁን ግን በድንገት ጐልማሳ፣ ቁስለኛና ቤተሰብ የሚያስተዳድር ተማሪ በደጁ ተሰለፈ።

ቦርዱ የገጠመው ችግር የማንኛውም የጐልማሶች ትምህርት ችግር ነው። በዚያው ጊዜ በሠራዊቱ በተደረገው ምርመራ ከምልምሎቹ ሩብ ያህሉ ጋዜጣ አንብበው መረዳትና ለቤተሰባቸው ደብዳቤ መጻፍ እንደማይችሉ ታውቆ ነበር። ስለዚህ የሙያ ትምህርት ለመጀመር የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ፊደልና ሒሳብ ማስተማርን ይጠይቅ ነበር። የተመረጠለት ሙያ በሚኖርበት ከተማ ገበያ ያለው መሆኑን ማንም በወጉ አላጠናም። ደግሞም በሥልጠና ላይ ላለ ሰው የሚሰጠው የኑሮ አበል በከፊል ጉዳት ከሚገኘው ካሣ የሚበልጥ ስለ ነበረ፣ አንዳንዱ ሠልጣኝ ኮርሱን ለመጨረስ አይቸኩልም ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን የመሥሪያ ቤቶቹ መበታተን ነው። ካሣውን የሚወስን አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሕክምናውን የሚሰጥ ሌላ፣ ትምህርቱን የሚፈቅድ ሦስተኛ ነበር። ሦስቱም ለየራሳቸው ሐኪም፣ ለየራሳቸው ማመልከቻና ለየራሳቸው የጉዳት ግምት ነበራቸው። አንዱ «ተጎድቷል» ያለውን ሌላው «አልተጎዳም» ይለው ነበር። ይህ ቅሬታ በ1921 የዘማቾች ቢሮ እንዲቋቋምና ሦስቱ ተግባራት በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲሰበሰቡ አደረገ። የቢሮው የመጀመሪያ ዲሬክተር ቻርልስ ፎርብስ ግን የሆስፒታል ዕቃን በርካሽ በመሸጥና ከሕንፃ ሥራ ተቋራጮች ጋር በመሻረክ ተከሶ በ1925 ተፈረደበት። ለጦር ጉዳተኛ የተመደበ ገንዘብ በዚህ ዐይነት መዘረፉ በሕዝቡ ዘንድ ለብዙ ዓመታት ሲታወስ ኖሯል።

ሥልጠናው በ1928 ሲዘጋ ወደ 180,000 የሚሆኑ የጦር ጉዳተኞች የገቡበት ሆኖ ተገኘ፤ ከ100,000 የሚበልጡትም ጨርሰዋል። ሌላው ውጤት ከዚህ ያላነሰ ነው። በ1920 ኮንግረሱ ተመሳሳዩን የሙያ መልሶ ማቋቋም በፋብሪካና በሌላ አደጋ ለተጎዱ ሲቪሎች ፈቀደ። ለወታደር የተከፈተው በር ለሠራተኛው ሳይዘጋ ቀረ።

በመለኪያው በኩል ግን ማመንታት ነበር። በ1924 የወጣው ሕግ አማካዩን ትቶ የእያንዳንዱን ዘማች የቀድሞ ሙያ እንዲታይ አደረገ። ሐሳቡ ተገቢ ይመስላል፤ የአንድ ጣት መጥፋት ለሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋችና ለዘበኛ አንድ አይደለምና። ነገር ግን በአፈጻጸም እጅግ የተወሳሰበ ሆነ፤ ገና ልጅ ሆኖ የዘመተ ሰው የቀድሞ ሙያው ምን እንደሚባልም መወሰን አስቸጋሪ ነበር። በ1933 ወደ አማካዩ ተመለሱ። ከ1924ቱ ሕግ ዘልቆ የኖረው ሌላ አንቀጽ ነው፤ ይኸውም ከ1925 መባቻ በፊት የታየ የሳንባ ነቀርሳና የአእምሮ ሕመም፣ ዘማቹ ማስረጃ ባያቀርብም ከጦርነቱ የመጣ ሆኖ እንዲገመት የሚያዘው ነው። የማስረዳት ሸክምን ከታማሚው ትከሻ ወደ መንግሥት ያዛወረው ይህ ዘዴ በኋላ ዘመን ብዙ ሥራ ይሠራል።

የ1933ቱ ቅነሳ

የኢኮኖሚው ድቀት በበረታበት ጊዜ፣ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሥልጣን በያዙ በሁለት ሳምንት ውስጥ የቍጠባ ሕግ ጸደቀ። ሕጉ የቆዩትን የአበል ሕጎች ሽሮ፣ አበሉን በደንብ የመወሰን ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ሰጠ። ጉዳታቸው ከጦርነቱ ጋር ግንኙነት የሌለው በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ዘማቾች ከመዝገብ ተሰረዙ፤ በጦርነት የቆሰሉትም ከቅነሳው አላመለጡም። ፕሬዚዳንቱ በዚያው ዓመት በቺካጎ ለዘማቾች ጉባኤ ባደረጉት ንግግር፣ ማንም ሰው የደንብ ልብስ ስለ ለበሰ ብቻ ከሌላው ዜጋ የተለየ ተጠቃሚ ሊሆን አይገባውም የሚል መርሕ አቀረቡ። የመርሑ ሌላኛው ግማሽ በጦርነት ለተጎዳው መንግሥት ኀላፊነት አለበት የሚል ነበር። ይህን የተናገሩት ፕሬዚዳንት በ1921 በያዛቸው በሽታ ምክንያት ራሳቸው ያለ ድጋፍ መቆም የማይችሉ ሰው እንደ ነበሩ ማስታወስ ነገሩን በቀላሉ ከመፍረድ ያግዳል።

መርሑ የሚያስኬድ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ግዴለሽ ሆነ። አንድ ሰው ሳንባው የተጎዳው በጋዝ ይሁን በኋላ በያዘው ብርድ የሚወስን ደንብ በችኰላ ወጣ። ጩኸቱ ስለ በረታ ኮንግረሱ በመጋቢት 1934 የፕሬዚዳንቱን ቬቶ ሽሮ ከተቀነሰው ብዙውን መለሰ። ከሕጉ ሳይነካ የቀረው ግን ዝምተኛው አንቀጽ ነው፤ በአበል ጉዳይ የአስተዳደሩ ውሳኔ የመጨረሻ ነው፣ ፍርድ ቤትም አያየውም የሚለው። ይህ አንቀጽ 55 ዓመት ኖረ።

ትምህርት ለሁሉም ዘማች፤ ምክር ለጉዳተኛው

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በመጋቢት 1943፣ ለጦር ጉዳተኞች አዲስ የሙያ መልሶ ማቋቋሚያ ሕግ ወጣ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሰኔ 1944 ለዘማቾች ሁሉ የትምህርትና የመኖሪያ ቤት ብድር ዕድል የሚሰጠው ሕግ ተከተለው። ዓለም የሚያውቀው ሁለተኛውን ነው። 7 ሚሊዮን 800 ሺሕ ዘማቾች በእርሱ ተምረዋል፤ በ1947 ከአገሪቱ የኮሌጅ ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ዘማቾች ነበሩ። የመጀመሪያው ግን ለትምህርት ባለሙያ ይበልጥ ትምህርት ሰጪ ነው። ከ600,000 በላይ የጦር ጉዳተኞች በእርሱ ሠልጥነዋል፤ ይህ ከ1918ቱ ሦስት እጥፍ ይበልጣል።

ልዩነቱ በቍጥር ብቻ አይደለም። ጤነኛው ዘማች የፈለገውን ትምህርት በፈለገበት ይመርጥ ነበር። ጉዳተኛው ግን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ከአማካሪ ጋር ተቀምጦ ዝንባሌው፣ የቀድሞ ትምህርቱ፣ ጉዳቱና የሥራ ገበያው እንዲመረመር ግዴታ ነበር። የ1918ቱ ስሕተት እንዳይደገም ተብሎ የተደረገ ነው። አስተዳደሩ ለዚህ የሚበቁ ሰዎች ስላልነበሩት ከዩኒቨርሲቲዎችና ከኮሌጆች ጋር ተዋውሎ የምክር ማዕከሎች አቋቋመ። በዚህ መንገድ የተማሪ ምክር አገልግሎት በአሜሪካ ኮሌጆች ሥር ሰደደ፤ ዘማቾቹ ተመርቀው ከሄዱ በኋላም ማዕከሎቹ ለሌላው ተማሪ ቀሩ።

የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ከዚህ ጋር መጠቀስ ይገባዋል። በ1948 ቲሞቲ ኑጀንት በጌልስበርግ ቅርንጫፍ፣ ቀድሞ የጦር ሆስፒታል በነበረ ሕንፃ ውስጥ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ተማሪዎች ፕሮግራም ጀመረ። ሕንፃው ለሆስፒታል የተሠራ በመሆኑ ደረጃ አልነበረበትም። ግዛቱ በ1949 ቅርንጫፉን ሲዘጋ ተማሪዎቹ ተቃውሞ አሰምተው ወደ ዋናው ግቢ እንዲዛወሩ አስደረጉ። በዋናው ግቢ የትምህርት ክፍሎቹ በደረጃ ላይ ስለ ነበሩ ተዳፋት መውጫዎች፣ ቆይቶም ማንሻ ያላቸው አውቶቡሶች መሠራት ነበረባቸው። ከዚህ የሚታየው ጉዳዩ የተማሪው እግር ብቻ ሳይሆን የሕንፃው ደረጃም እንደ ነበረ ነው። የአበል ሠንጠረዥ ግን ደረጃን አይቆጥርም።

የመቶኛው ሒሳብ

ሠንጠረዡ ዛሬም መሠረቱ በ1945 የወጣው ነው። ጉዳት ሁሉ ከ10 እስከ 100 በአሥር በአሥር በመቶኛ ይመደባል፤ መቶኛው ሲጨምር አበሉ ይጨምራል። ከአንድ በላይ ጉዳት ያለው ሰው ግን መቶኛዎቹ አይደመሩለትም። ለምሳሌ በአንድ ጉዳት 50 በመቶ፣ በሌላው 30 በመቶ የተገመተ ሰው 80 በመቶ አይሆንም። መጀመሪያ 50ው ከመቶ ይነሣና 50 ይቀራል፤ 30 በመቶው የሚሰላው በቀረው 50 ላይ ነው፤ ይህም 15 ነው። ድምሩ 65 ይሆንና ወደ 70 ይጠጋጋል። ከ30ው ቢጀመርም ውጤቱ ያው 65 ነው። የመቶኛን ትርጕም ለሚያስተምር የሒሳብ መምህር ይህ ከንግድ ትርፍና ከወለድ የተለየ፣ ተማሪውን የሚያከራክር ምሳሌ ይሆነዋል። ተማሪው «ለምን አይደመርም?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ሒሳባዊ ብቻ ስላልሆነ ነው። ማንም ሰው ከሙሉነቱ በላይ ሊጎዳ አይችልም የሚል ግምት ከቀመሩ በስተጀርባ አለ።

በ1956 በጄኔራል ኦማር ብራድሌይ ሊቀ መንበርነት የተመራ ኮሚሽን ሥርዓቱን በሙሉ መረመረ። ጄኔራሉ ከጦርነቱ በኋላ የዘማቾች አስተዳደርን የመሩ በመሆናቸው ጉዳዩን ከውስጥ ያውቁታል። ኮሚሽኑ ቅድሚያ ለጦር ጉዳተኛው እንዲሰጥ፣ ሳይጎዳ የተመለሰው ግን እንደ ማንኛውም ዜጋ እንዲታይ፣ የጉዳት መመዘኛውም ከዘመኑ የሕክምናና የሥራ ሁኔታ ጋር እንዲስማማ አሳሰበ። ሰሚ አላገኘም ማለት ይቻላል። በጕልበት ሥራ ዘመን የተቆረጠ ዋጋ፣ አብዛኛው ሰው በጽሕፈት ጠረጴዛ ወደሚሠራበት ዘመን ከጥቂት ማሻሻያ ጋር ተሻገረ።

የማይታይ ቁስልና የማስረዳት ሸክም

የቬትናም ጦርነት በሠንጠረዡ ላይ ያልነበረ ጉዳት ይዞ መጣ። ከአስጨናቂ ገጠመኝ በኋላ የሚከሰተው የአእምሮ ሕመም በ1980 በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች የበሽታ መዝገብ ውስጥ ሲገባ፣ የዘማቾች አስተዳደርም ለአበል ተቀበለው። በዚያው ዓመት የሙያ መልሶ ማቋቋሚያው ሕግ ተሻሻለ፤ ዓላማው ሠልጣኙን ለሥራ ብቁ ማድረግ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ተስማሚ ሥራ እንዲያገኝና እንዲቆይበት፣ ሥራ ጨርሶ የማይቻለውም በቤቱ ራሱን ችሎ እንዲኖር ማድረግ ሆነ። የምስክር ወረቀት መስጠትን የሥራቸው ፍጻሜ አድርገው ለሚቆጥሩ ማሠልጠኛዎች ይህ ትንሽ የማይባል ለውጥ ነው።

የማስረዳቱ ችግር ግን ቆየ። በሐምሌ 1973 በሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኘው የወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ፣ ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር የተሰናበቱ ሰዎች መዝገብ 80 በመቶ ያህሉ ወድሟል። በጦርነት መቁሰሉን እንዲያስረዳ የሚጠየቅ ሽማግሌ ማስረጃው በመንግሥቱ እጅ ሳለ ተቃጠለበት ማለት ነው። ሙግት እንዳይገጥምም ከ1864 ጀምሮ ለጠበቃ ከ10 ዶላር በላይ እንዳይከፈል ተከልክሎ ነበር። ክልከላው ሲወጣ ዘማቹን ከአጭበርባሪ ወኪሎች ለመጠበቅ ነበር፤ 10 ዶላርም በዚያ ዘመን ከአንድ ወር አበል ይበልጥ ነበር። በ1985 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይኸንኑ ክልከላ ሲያጸና፣ በ10 ዶላር የሚቆም ጠበቃ አልነበረም። የጠበቃው ጣሪያም ሆነ የ1933ቱ የፍርድ ቤት መዝጊያ አንቀጽ የተሻሩት በ1988 ነው። በዚያ ዓመት የዘማቾችን ይግባኝ የሚያይ ልዩ ፍርድ ቤት ተቋቋመ።

ከዚያ በኋላ የ1924ቱ የግምት ዘዴ እንደገና ተነሣ። በቬትናም ጫካዎች ላይ የተረጨው ኤጀንት ኦሬንጅ የተባለው የቅጠል ማርገፊያ መርዝ የማንን ካንሰር እንዳመጣ በግለሰብ ደረጃ ማስረዳት አይቻልም። በየካቲት 1991 የወጣው ሕግ የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ ጥናቶችን በየጊዜው እንዲመረምር፣ ከመርዙ ጋር ግንኙነት የታየባቸው በሽታዎችም ለቬትናም ዘማች ሁሉ ከአገልግሎቱ የመጡ ሆነው እንዲገመቱ አዘዘ። እዚህ ላይ የሳይንስ ጥናት በቀጥታ የአበል መብት ሆነ።

የኢራቅና የአፍጋኒስታን ጦርነቶች ደግሞ ሌላ ጭስ ይዘው መጡ፤ ቆሻሻ፣ ፕላስቲክና ነዳጅ በሰፈሩ ዳር በጕድጓድ እየተቃጠለ የሚወጣውን ማለት ነው። በ2013 መጀመሪያ ከ125 ቀን በላይ ውሳኔ ሲጠብቁ የቆዩ የአበል ማመልከቻዎች ከ600,000 በልጠው ስለ ነበረ፣ አዲስ በሽታ በተጨመረ ቍጥር ወረፋው ይረዝማል የሚል ስጋት ነበር። ቢሆንም በነሐሴ 2022 የጸደቀው ሕግ ከ20 በላይ የመተንፈሻ አካልና የካንሰር በሽታዎችን በአንድ ጊዜ በግምቱ ውስጥ አስገባ። በግንቦት 2024 በዚህ ሕግ የተፈቀዱት የአበል ጥያቄዎች አንድ ሚሊዮን ደረሱ።